የአባቴ አረር ማፍሰሻ

ባለፈው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ጽዳት ተራችን ነበርና ከሻማ ማቆሚያው ላይ የጧፍ ጠብታ በቢላ ስፍቅ ዋልኩ። የተፋቀውን ሰም መጣል አሳዘነኝና በፌስታል ጠቅልዬ ኮሎምበስ ከተማ ዳር ጋሃና ወዳለው ቤቴ ይዤው መጣሁ፤ በአሮጌ ድስት አድርጌም ምድጃው ላይ ጣድኩት። ገና መቅለጥ ሲጀምር ያ ሽታ፣ ማር ማር የሚል፣ ጭስ ጭስ የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ ሳጥን ውስጥ የከረመ ጨርቅ ጠረን ያለበት ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። እኔም ሃምሳን ያለፍኩ ፋርማሲስት፣ የሁለት ጎረምሶች እናት፣ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ትንሹ ልጄ ከፎቅ ላይ ሆኖ "ማም፣ ዋትስ ዛት ስሜል?" ብሎ ጮኸ። አያትህ ነው ልለው አሰብኩና ሰም ነው አልኩት።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጊዜው የፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከሱዳን ከመጣን አራት ዓመት ሆኖናል፤ ኢስትሙር በሚባል ሰፈር ደረጃው የሚንቋቋ ቤት ታችኛውን ፎቅ ተከራይተን እንኖራለን። አባቴ ደምሴ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ መውጫ ላይ፣ ቁም ሣጥን በምታህል የመስተዋት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበላል፤ እናቴ አስካለ ሆስፒታል አልጋ ታነጥፋለች፤ እኔ ደግሞ የቤቱ አፍ ነኝ። ስልክ የማነሳው እኔ፣ ደብዳቤ የማነበው እኔ፣ ማሞቂያው በተበላሸ ቁጥር ከአከራያችን ጋር የምጨቃጨቀው እኔ። በዚህ ምክንያት ትንሽ ሳልጠግብ አልቀረሁም፤ እናቴም "አንቺን የሚያገባ ሰው ከወዲሁ ያሳዝነኛል" ትለኝ ነበር።

አባቴ አንድ ሱስ ነበረበት። አያጨስም፣ አይጠጣም፣ ካርታ አይጫወትም፤ ሱሱ የድሮ ጥይት መሙያ ዕቃ መሰብሰብ ነበር። ጥይት አላልኩም፣ ጥይት መሙያ ነው ያልኩት። ድሮ ሱቅ ሩቅ በነበረበት ዘመን የዚህ አገር ገበሬና አዳኝ የተተኮሰ ቀለህ አይጥልም፤ ባዶውን የነሐስ ቀፎ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ባሩድ ሰፍሮ፣ አዲስ አረር ገጥሞበት እንደገና ጥይት ያደርገዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆኑት የእጅ መሣሪያዎች መቶ ዓመት አልፏቸው፣ ባለቤቶቻቸው ሞተው፣ በየጋራዡና በየምድር ቤቱ ዝገው ተቀምጠው ነበር፤ አባቴም ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን አስከትሎ እነሱን ፍለጋ ይወጣል። ጉጠት የሚመስሉ መግጠሚያዎች፣ እጀታቸው ከቀንድ የተሠራ የባሩድ ማንኪያዎች፣ ከወርቅ ሠሪ ሚዛን የማይበልጡ ሚዛኖች፣ ቀለማቸው የለቀቀ የቆርቆሮ ሣጥኖች ለቅሞ ይመጣና ከቤተ ክርስቲያን የለመነውን የጧፍ ሰም ከሞራ ጋር አቅልጦ፣ እንደ አራስ ልጅ አንድ በአንድ ያሻቸዋል። ቤታችን እንደ ደብር ይሸታል፤ እናቴ ግን "ባሩድ የገባ ዕለት እኔ እወጣለሁ" ብላ አንድ ጊዜ ለሁልጊዜ ተናግራ ስለነበር አንዲት ፍንጣቂ ባሩድ ቤታችን ገብታ አታውቅም።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቀው የሚጠይቅ አልነበረም፤ ኮሎምበስ ያለ አበሻ ሁሉ መልሱን ያውቃል። የአባቴ አባት፣ አያቴ አድገህ፣ የታወቁ አዳኝ ነበሩ፤ በአንድ ጀንበር ሁለት ጎሽ ጥለዋል፤ አገሩም ዘፍኖላቸዋል። አባቴ ይህን ታሪክ በየክርስትናውና በየልደቱ ሲያወራ፣ ጎሹ ሲያጓራ ሳይቀር እያጓራ ስለሆነ፣ ሕፃናቱ ወንበር ሥር ይደበቃሉ። የማኅበራችን ዋና ሰው እትዬ ብርነሽ ነበሩ፤ የሳቸው ምላስ የመረቀው ይከበራል፣ ያማው ደግሞ አገር ይቀይራል ይባልላቸዋል። እሳቸው ራሳቸው "የአዳኝ ልጅ ከአነጋገሩም ያስታውቃል" ብለው ለአባቴ መስክረውለት ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ፊልም በሚያይበት የመኪና ሲኒማ ግቢ ውስጥ በሚዘረጋው የልባሽ ገበያ፣ አባቴ አንድ የእንጨት ሣጥን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ውስጡ በአረንጓዴ ጨርቅ ተለብጦ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ጎድጓዳ ተሠርቶለታል፤ መግጠሚያው አለ፣ ማንኪያው አለ፣ የቀለህ ማጽጃው አለ፣ አንዱ ጎድጓዳ ብቻ ባዶ ነው። የጎደለው አረር ማፍሰሻው ነበር፤ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበትና ሁለት መንጋጋውን ሲከፍቱት ክብልል ያለ አረር የሚወጣበት ብረት። አባቴ ጎድጓዳውን በጣቱ ዳሰሰና "ወይኔ" አለ፤ ሣጥኑን በብብቱ አድርጎ ወደ መኪናችን ሲሄድ ሬሳ የተሸከመ ይመስል ነበር። በየዓመቱ መከር ላይ ሰብሳቢዎች አንድ አዳራሽ ተከራይተው ዕቃቸውን እያሳዩ ይሸለማሉ፤ ትልቁ ሽልማት የሚሰጠው ደግሞ ምንም ላልጎደለው ስብስብ ብቻ ነው። አባቴ ያን ሽልማት ፈለገ። በሕይወቱ እንዲያ የፈለገው ነገር አይቼ አላውቅም፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን በኋላ ነው።

ሁለት ዓመት ፈለግን። በሐምሌ ወር አንድ ሐሙስ፣ እኔ እንደ ልማዴ የጋዜጣ ማስታወቂያ ሳነብ፣ ክሊንተንቪል በሚባለው ሰፈር አንድ ሰው መሞቱንና ቅዳሜ ዕለት የቤቱ ዕቃ በሙሉ እንደሚሸጥ፣ ምድር ቤቱም በድሮ ጥይት መሙያ የተሞላ መሆኑን አገኘሁ። ለአባቴ ስነግረው ይዘላል ብዬ ስጠብቅ "ሰውየው መቼ ነው የሞቱት?" አለኝ።

"አይ ዶንት ኖው፣ ዳዲ። ኢትስ ጀስት ኤ ሴል።"

"ምን ጀስት አለው? ሰው ሞቶ የለ እንዴ? ሳይለቀስ ዕቃ ይነሳል?"

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ በዚያ ሙቀት ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ጥቁር ከረባቱን አስሮ ወጣ። እናቴ ሥራ ልትገባ ስትል አንድ ድስት ንፍሮ፣ ስንዴና ሽምብራ፣ በፎጣ ቋጥራ አስይዛኝ ሄደች፤ የለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባማ። እኔ መኪናው ውስጥ ድስቱን ታቅፌ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ እንዳያዩኝ እጸልያለሁ። ስንደርስ ሰዎች በሩ ላይ ተሰልፈዋል፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም እየተጋፉ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ፤ ከሥር የብረት ኳኳታ፣ የሣጥን ጉተታ፣ "ይሄ የኔ ነው" የሚል ጭቅጭቅ ይሰማል። አባቴ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ሳሎን ገባና የመሸጫ ዋጋ የተለጠፈበት ሶፋ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፋ። ለቅሶ ተቀመጠ ማለት ነው።

"ዳዲ፣ ዴይ አር ቴኪንግ ኤቭሪቲንግ!" አልኩት በሹክሹክታ። እንዳልሰማ ሆነ። የሟች ልጅ፣ ካረን የምትባል አጭር ጸጉር ያላት ሴትዮ፣ የገንዘብ ሣጥኗን ታቅፋ መጣችና ሶፋውን ልንገዛው እንደሆነ ጠየቀችን። አባቴ ተነሣ፤ ደረቱን ነካ አደረገና "እግዚአብሔር ያጽናሽ በያት" አለኝ። እኔም ከማፈሬ የተነሣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ አባቴ ስለ አባትሽ ሊያለቅስ ነው የመጣው፣ ይህም በአገራችን የለቅሶ ምግብ ነው ብዬ ድስቱን ሰጠኋት። ሴትዮዋ ድስቱን ተቀበለች፤ አባቴን አየችው፤ ከዚያ የገንዘብ ሣጥኗን መሬት አስቀምጣ ሶፋው ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። አባቷ ቧንቧ ሠራተኛ እንደነበረ፣ ማታ ማታ ምድር ቤት ወርዶ ብረት ሲያሽ እንደሚያመሽ፣ ከቀብሩ ወዲህ እሱን ብሎ ቤቷ የገባ ሰው እንደሌለ ነገረችን። እኔ እየተረጎምኩ አባቴም ማልቀስ ጀመረ። ለወጉ ያህል የሚወጣ እንባ አልነበረም፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ነበር የሚያለቅሰው፤ እኔም ለማያውቀው ፈረንጅ ይህን ያህል እንባ ከየት አመጣው ብዬ ደነገጥኩ።

ያን ጊዜ ከምድር ቤቱ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ሣጥን ሣጥን ተሸክመው ወጡ። ወርጄ አየሁ። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ዕቃዎቹ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ላይ የዝገት ክብ ክብ ብቻ ቀርቷል። ሁለት ዓመት ፈልገን፣ በሩ ሳይከፈት ደርሰን፣ ለቅሶ ተቀምጠን ቀረን። ደረጃውን በንዴት እየደበደብኩ ወደ ላይ ወጣሁ።

ካረን ንፍሮውን ልትቀምስ ማንኪያ ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ አባቴ "በእጅ ነው የሚበላው በያት" እያለኝ ተከተላት። ሴትዮዋ መሳቢያውን ሳበች፤ ማንኪያና ሹካው ተንኳኳ፤ አባቴም እግሩ ተተከለ። ከማንኪያዎቹ መሐል፣ ከጠርሙስ መክፈቻው አጠገብ፣ ሁለት እጀታና ሁለት መንጋጋ ያለው ጥቁር ብረት ተጋድሟል። ካረን ዓይኑን ተከትላ አየችውና ብድግ አድርጋ፣ ይሄ እኮ አባቴ ገና በመጣ ቁጥር ዋልነት የሚባለውን ቅርፊታም ፍሬ የሚፈረክስበት ነው አለች። አባቴ ተቀብሎ ከፈተው። መንጋጋው ውስጥ፣ የዋልነት ቅርፊት ስብርባሪ መሐል፣ ክብልል ያለች ጎድጓዳ ነበረች።

"ዘራፍ!" አለ አባቴ። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ እንባው ሳይደርቅ፣ ክሊንተንቪል ወጥ ቤት ውስጥ፣ ወለሉን በጫማው ደልቆ "ዘራፍ!" አለ። ካረን ወደ ኋላ ተፈናጠረች፤ እኔም "ሂ ኢዝ ሃፒ! ሂ ኢዝ ጀስት ሃፒ!" እያልኩ ጮህኩ። ሴትዮዋ ዋጋ አልተቀበለችንም። ይልቅ እንዲህ ያለ ነገር ማን እንዳስተማረው ጠየቀችው፤ አባቴም አፉ የለመደውን፣ አባቴ አዳኝ ነበሩ የሚለውን ተናገረ። እኔም ተረጎምኩላት።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ብረቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ጎሹንም አላነሳ፣ ሽልማቱንም አላነሳ። ኢስትሙር ልንደርስ ስንል መኪናውን ዳር ይዞ አቆመና "ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሰማሻት አይደል? እንዴት ኮርታበት እንደነገረችን ሰማሻት?" አለኝ። ቀጥሎም አባቱ የሞቱት እኛ ሱዳን ሳለን እንደሆነ፣ መርዶው ሲደርሰው ለማንም እንዳልተናገረ፣ ለቅሶ እንዳልተቀመጠ ነገረኝ። ሰው ከመጣ የአገሩ ሰው ይመጣል፤ የአገሩ ሰው ከመጣ ደግሞ አባቱን የሚያውቅ አይጠፋም። ምኑን እንደፈራ አልገባኝም፤ በዚያ ዕድሜዬ የማልጠይቀው ነገር ባይኖርም ያን ዕለት አልጠየቅኩም።

ለአዳራሹ ውድድር ሣጥኑ ሙሉ ሆነ። እያንዳንዱ ሰብሳቢ ከዕቃው ጎን ስለ ራሱ የሚናገር ካርድ ማቆም ነበረበትና አንድ ማክሰኞ አባቴ እየነገረኝ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በእንግሊዝኛ ስጽፍ፣ እናቴ አጠገባችን ሽንኩርት ትከትፋለች። "አባቴ አድገህ" አለ አባቴ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ "ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ ይሠራሉ፣ ቢላ ይሠራሉ፣ ባላገሩ የተኮሰውን የውጅግራ ጠመንጃ ቀለህ እያመጣላቸው እንደገና ይሞላሉ።"

ቃሉን አላውቀውም ነበር። "ማሚ፣ ዋትስ ቀጥቃጭ?" አልኩ።

ቢላዋው ቆመ። እናቴ ባሏን እንጂ እኔን አላየችኝም። አሥራ አራት ዓመት በትዳር ኖረዋል። "ጎሹስ?" አለችው።

"ጎሽ የገደለ የለም፣ አስካለ።"

ቢላዋውን አስቀምጣ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። አባቴ ያን ጊዜ ነው ያስረዳኝ፤ በኛ አገር ብረት የሚሠራ ሰው ማረሻው ይፈለጋል፣ እሱ ግን አይፈለግም፤ ዓይኑ ይበላል ተብሎ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ ልጁን የሚያገባ፣ ቤቱ የሚበላ የለም። እሱም ገና በጎረምሳነቱ ከአገሩ ርቆ አዳኝ አባት ፈጥሮ ኖረ። እኔ ደግሞ የትምህርት ቤት መጽሐፌ ውስጥ ያለው ብረት ሠሪ ፈርጣማ ክንድ ያለው፣ መንደሩ ሁሉ የሚያከብረው ሰው ስለነበረ ነገሩ ጨርሶ አልገባኝም። ብላክስሚዝ ብዬ በትልቁ ጻፍኩት።

እናቴ ሦስት ቀን ምግብ ብታቀርብም ቃል አልወጣትም። ዓርብ ከሰዓት አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ "ካርዱን ቅደጂው" አለኝ። አልቀድም አልኩ፤ ቀለሙ እንዲያምር ብዬ ሁለት ጊዜ ነው የደጋገምኩት። ቅዳሜ ጠዋት ስንነሣ ጥቁር ሱፉ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል፤ እናቴም የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች።

አዳራሹ ደንደን ደንደን ባሉ ፈረንጆችና በብረት ተሞልቷል። ከቀትር በፊት አንድ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ዳኛ መጥቶ ሣጥናችንን ከፈተ፤ አረር ማፍሰሻውን ብርሃን ላይ ያዘው፣ ካርዱን አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ ባርኔጣውን አነሣና የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ሰማያዊውን ሪባን ሣጥኑ ላይ አሰረው። አንደኛ ወጣን! በዚያው ቅጽበት ግን እትዬ ብርነሽ በአንድ ቫን የታጨቀ ምዕመን አስከትለው፣ የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ደረሱ፤ የአዳኙ ልጅ ሊሸለም ነው መባሉን ሰምተዋል። ሪባኑን ሲያዩ እልል አሉ። ከዚያ ካርዱን በጣታቸው ነካ አድርገው "እስቲ ሂሩትዬ፣ ምን ይላል? በአማርኛ ንገሪኝ" አሉኝ።

አባቴን አየሁት፤ ጫማውን ነው የሚያየው። ጎሹን ማምጣት ይቻል ነበር፤ ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ እኔም እወደው ነበር፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ደግሞ ከመሐላቸው ብዙ አልነበረም። የቤቱ አፍ ነኝ ብዬ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ምላሴ ከበደኝ። "አያቴ አድገህ ቀጥቃጭ ነበሩ ይላል" አልኩ፤ ድምፄም ካሰብኩት በላይ ጮኸ። "ቀለህ የሚሞሉ፣ ማረሻ የሚሠሩ። አባቴ ሙያውን ከሳቸው ነው የተማረው ይላል።"

እልልታው ጸጥ አለ። የእትዬ ብርነሽ እጅ፣ ራሳቸው ሳያውቁት መሰለኝ፣ ነጠላቸውን ሳበና የልጁን ፊት ሸፈነ። አባቴ አየው። የሰው ፊት እንደዚያ ሲጠፋ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

እናቴ ከኋላዬ መጣች። እጇን ዘርግታ፣ በጣም በቀስታ፣ ነጠላውን ከሕፃኑ ፊት ላይ ገለጠች። "አይሸፍኑት፣ እትዬ፤ ይየው" አለች። "የአማቴ ሙያ ነው።" ከዚያ አረር ማፍሰሻውን አንሥታ ለልጁ አስያዘችው፤ ልጁም ከፈተው፣ ዘጋው፣ ቀጭ ሲል ሳቀ። እናቴም ራሷ እልል አለች፤ ብቻዋን፣ ረጅም፣ አዳራሹን የሚሰነጥቅ እልልታ፤ ፈረንጆቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተነሥተው አጨበጨቡ።

ሁሉም ነገር በዚያ አበቃ ብል ውሸት ይሆናል። ሁለት ቤተሰብ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠም፤ በየክርስትናው አንድ ሁለት ሰው ከአባቴ አጠገብ ያለውን ወንበር ይሸሻል፤ እትዬ ብርነሽ ግን ወር ቆይተው መጡና ምንም ሳያነሡ እናቴ ያቀረበችላቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። ያ ቤት ዛሬ የለም፤ አከራዩም የመኪና ሲኒማውም ካረንም የሉም። ስብስቡን አባቴ በእርጅናው ለአንድ የገጠር ቤተ መዘክር ሰጠው። የቀረብኝን ስቆጥር ግን የሚቆጨኝ ብረቱ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ በነበረን ረጅም ዘመን አባቴን ስለ ራሱ አለመጠየቄ ነው። ከዚያች ማክሰኞ በፊት የነበረው ሰውዬ ማን ነበር? እሱን ለመጠየቅ ጊዜ ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

አባቴን የቀበርነው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እስከ ደጅ ሞልቶ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የማነበው እኔ ነበርኩ፤ እንደ ወጉ ከትውልዱ ጀመርኩ፤ "አቶ ደምሴ አድገህ ከአባታቸው ከቀጥቃጭ አድገህ ተወለዱ" ስል ድምፄ ተሰበረና ወደሚቀጥለው መስመር ልሻገር አልኩ። እናቴ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ፣ በምርኩዟ ተደግፋ፣ ተነሣች።

"መልሰሽ አንብቢው፣ ልጄ" አለች። "ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"